ወተትን ላብ ያደረገው ካድሬ

አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ምንም ካላነበበው ይብሳል። በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር የነበረው የቀበሌያችን ካድሬ እንዲህ ያለ ነበር። ስለ ጽዳትም ይሁን ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ ይጥራ፣ መድረሻው የጡት አጥቢዎች አመጣጥ ነው። «ወተት ማለት፣ ጓዶች፣ ከቆዳ ዕጢ የመጣ፣ በዝግመተ ለውጥ የተሻሻለ ላብ ነው!» ይላል። ምን ይደረግ? እናጨበጭባለን።

አንድ ቀን ከጉና ለገበያ የወረደው የእማማ ጥሩነሽ አንድያ ልጅ ለውትድርና ታፍሶ ቀበሌ ታጎረ። በአገራችን ደንብ ማር የተቀባ ጡት የጠባ ሰው ልጅ ይሆናል፤ ልጅ ደግሞ በእናቱ አይጨክንም። እማማ በስብሰባው መሀል ጡታቸውን ማር ቀብተው ካድሬው ፊት ቆሙ።

«ጥባኝና ልጄ ሁን። ወንድምህን ልቀቅልኝ።»

«እማማ፣ ወተት ላብ ነው ብዬ አስተምሬ የለም እንዴ? በላብ ማን ይዛመዳል?» አለ እየሳቀ።

«እንግዲያው ያ ልጅ የኔ ላብ ነው። የድሃን ላብ የሚበላ ጠላት ነው ያልኸን አንተው አይደለህም?»

 ካድሬው «እኚህ እናት ንቃት ይጎድላቸዋል» ብሎ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። እኛም አነሳን። ልጁን የጫነው መኪና በደጅ ሲያልፍ፣ ከመፈክራችን ጩኸት የተነሳ እናቱ እንኳ አልሰሙትም።