እኔ ጋ ይሠራል

ሊቁ፦ እንደዚያ የሚል መልእክት የለም።

ጋሼ፦ እያነበብኩልህ እኮ ነው።

ሊቁ፦ ያነባሉ፤ ግን የለም። ፕሮግራሙን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። የሚለውንም የማይለውንም አውቃለሁ።

ጋሼ፦ «ስክሪፕት አንባቢው ክፍል አልተገኘም።» በቀይ። ከሥሩ ተሰምሮበታል።

ሊቁ፦ መነጽርዎን አድርገዋል?

ጋሼ፦ ያለ መነጽር ቀይ የሆነ ነገር በመነጽር ሰማያዊ አይሆንም።

[ሳሎን። አንድ ጠረጴዛ፣ ጀርባቸውን የተሰጣጡ ሁለት ላፕቶፖች። ሊቁን «ሊቁ» ያሉት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ እነሱ ሲቀልዱ እሱ የምር ወሰደው። ጋሼ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሥራው ቤት መቀባት። አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቶ የዳማ ጨዋታ እንዲጫንለት መጥቶ ነው። ዳማው አልተጫነም።]

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው እንነሳ። ይሄ የሰርኪዩት መሳያ ነው። ባትሪ፣ ማብሪያ፣ አምፖል፤ ሽቦው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ይሳልበታል። ኮዱ ክፍት ነው። የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ያርመዋል፣ ማንም አይከፍልበትም።

ጋሼ፦ የጻፍከው አንተ ነህ?

ሊቁ፦ አልጻፍኩትም። ጠቀለልኩት።

ጋሼ፦ እንደ ባለ ሱቅ?

ሊቁ፦ የተጻፈውን ሁሉ ለቃቅሜ፣ ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭነው በአንድ ጥቅል አሰርኩት።

ጋሼ፦ ሌላው ጻፈ፣ አንተ አሰርክ። ሊቅ የተባልከው በማሰሩ ነው?

ሊቁ፦ ማሰር ቀላል እንዳይመስልዎት! አንዲት ቁራጭ ብትረሳ ሁሉም ገደል ይገባል። ሰው ይሄን አያይም። ጸሐፊውን ያመሰግናል፣ ጠቅላዩን ይረሳል።

ጋሼ፦ ቤት ስቀባም እንዲሁ ነው። አናጺውን ነው የሚያመሰግኑት። እሺ፣ እኔ ለምን ተፈለግኩ?

ሊቁ፦ ደንብ ስላለ ነው። የጠቀለለ ሰው ለራሱ ጥቅል አይመሰክርም። ሌላ ሰው፣ ፕሮግራሙን አይቶት በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ይጭንና እንዲህ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችን በሚያሰራጨው ማኅበራችን የኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» ብሎ ይጽፋል። ጠቅላዩ የሞካሪውን ኪቦርድ በጣቱ አይነካም።

ጋሼ፦ ጎረቤትህም እኮ ኮምፒውተር አለው።

ሊቁ፦ ጎረቤቴ ባለፈው ኮምፒውተሩን ካስተካከልኩለት ወዲህ ሰላምታዬን አይመልስም።

ጋሼ፦ ዛሬ ለምን ሆነ? ነገ ብመጣስ?

ሊቁ፦ ዛሬ ሲመሽ የማኅበሩ የፕሮግራም ዝርዝር ይዘጋል። እስከዚያ ካልተመሰከረለት ጥቅሉ የዘንድሮው ዕትም ውስጥ አይገባም። እህትዎ ደግሞ…

ጋሼ፦ እህቴ ምን ሆነች?

ሊቁ፦ ፕሮግራሙ ይመጣል ብላ ለተማሪዎቿ ነግራለች። ትምህርት ቤቱ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ፕሮግራም አያስጭንም። ዛሬ ካልገባ ዓመቱን ሙሉ ሰርኪዩት የምታስተምረው በጠመኔ ነው።

ጋሼ፦ ማንን አምና ነገረቻቸው?

ሊቁ፦ እኔን።

ጋሼ፦ ስትጋቡም የጠየቅኳት ይሄንኑ ነበር።

ሊቁ፦ ጋሼ!

ጋሼ፦ ቀጥል፣ ቀጥል። ምን ልጫን?

ሊቁ፦ ስክሪፕቱን ያስኪዱ።

ጋሼ፦ ስክሪፕት የቱ ነበር?

ሊቁ፦ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው ብዬዎታለሁ። በማውስ ከመልቀም ይልቅ «ባትሪ አምጣ፣ አምፖል አምጣ፣ አገናኛቸው» ብለው ይጽፋሉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይስላል። እህትዎ የምትፈልገው እሱን ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለየ የቤት ሥራ ባንዴ ያወጣላታል፤ አንዱ ከሌላው አይቀዳም።

ጋሼ፦ እኔ ያለ ስክሪፕትም ስያለሁ።

ሊቁ፦ ምን ሳሉ?

ጋሼ፦ ባትሪ። አምፖል። ሽቦ።

ሊቁ፦ አየህ! ይቅርታ፣ አዩ! ይሠራል!

ጋሼ፦ አምፖሉ ግን አልበራም።

ሊቁ፦ ሥዕል እኮ ነው፣ ጋሼ። ሥዕል አይበራም።

ጋሼ፦ ካልበራ በትክክል መሳሌን በምን አውቃለሁ?

ሊቁ፦ [ግንባሩን ይዞ] እሱን ይተዉት። ስክሪፕቱን ያስኪዱ።

ጋሼ፦ አስኬድኩ። «ስክሪፕት አንባቢው…»

ሊቁ፦ እንደዚያ አይልም!

ጋሼ፦ በቀይ ይላል።

[ሊቁ ስክሪፕቱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳል። ባትሪው፣ አምፖሉና ሽቦው በየተራ ብቅ ይላሉ። ላፕቶፑን አንስቶ ለጋሼ ያሳያል፤ የጋሼን ግን ዞሮ አያይም።]

ሊቁ፦ ይኸው! እኔ ጋ ይሠራል።

ጋሼ፦ እኔ ጋ ነጭ ነው።

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ነጭ?

ጋሼ፦ ነጭ እንኳ እኔን አትጠይቀኝ፣ እንጀራዬ ነው። ያልተነካ ግድግዳ ነጭ።

ሊቁ፦ ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይሆናል።

ጋሼ፦ ስገዛው ያየህልኝ አንተ ነህ። «እንደ አዲስ ነው» አልክ።

ሊቁ፦ ጠረጴዛው ይነቃነቃል መሰል።

ጋሼ፦ እግሩን የሠራኸው አንተ ነህ።

ሊቁ፦ ሲጫኑ ጠንከር አድርገው ይሆናል።

ጋሼ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ፕሮግራምህ አልስል አለ፣ አንተ ጣቴን ትከሳለህ።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ በትሕትና ልንገርዎት። ይሄ ጥቅል ዝም ብሎ የተላከ አይደለም። ተፈትኗል። በየቀኑ ሲፈተን ነው የከረመው። ሁሉም ሙከራ አረንጓዴ ነው፤ አልፏል ማለት ነው።

ጋሼ፦ ፈተናውን ማን አወጣ?

ሊቁ፦ እኔ።

ጋሼ፦ የተፈተነውስ?

ሊቁ፦ እኔ የጠቀለልኩት።

ጋሼ፦ ማን አረመው?

ሊቁ፦ ኮምፒውተር። ኮምፒውተር አያዳላም።

ጋሼ፦ የማን ኮምፒውተር?

ሊቁ፦ የኔ።

ጋሼ፦ ታዲያ መውደቅ ከየት ይመጣል?

ሊቁ፦ አያዳላም አልኩዎት እኮ!

ጋሼ፦ እሺ፣ አያዳላም። ግን ያንተን መብራት እየበላ ነው የሚኖረው።

[መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወለሉ ላይ ወርዷል። ሊቁ አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያል።]

ሊቁ፦ እንዲህ እናድርግ። ሰሌዳውን ይክፈቱ። «ሠርቷል» ብለው ይጻፉ።

ጋሼ፦ አልሠራማ።

ሊቁ፦ እኔ ጋ ሠርቷል።

ጋሼ፦ እንግዲያው አንተ ጻፍ።

ሊቁ፦ ደንቡ አይፈቅድልኝም።

ጋሼ፦ ማለት አንተ ያየኸውን፣ እኔ ያላየሁትን፣ በኔ ስም ልጻፍ?

ሊቁ፦ በትክክል ገባዎት።

ጋሼ፦ ይሄ ነገር ፍርድ ቤት ውስጥ ስም አለው።

ሊቁ፦ የእርስዎ ኮምፒውተር የተለየ ስለሆነ ነው። ምንም አልተጫነበትም። ኦና ቤት ነው። እኔ ጋ የሌለ ነገር የለም።

ጋሼ፦ የተማሪዎቹስ?

ሊቁ፦ እነሱ አዲስ ናቸው። ገና ከካርቶን መውጣታቸው ነው።

ጋሼ፦ ኦና ናቸው በለኛ።

ሊቁ፦ ኦና ናቸው።

ጋሼ፦ ካርቶኑን አይጣሉት። ቀለም ስቀባ ወለል ላይ አነጥፈዋለሁ።

[ሊቁ ሻዩን ያነሳል። ብርጭቆው ባዶ ነው። ከባዶው ይጠጣል።]

ሊቁ፦ አላመኑኝም። ግዴለም። ሙከራዬ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ በዓይንዎ ያያሉ። ፕሮግራሙን አሁን ከኔ ኮምፒውተር ላይ አጠፋዋለሁ። ሙልጭ አድርጌ። ከዚያ ሙከራውን አስኬዳለሁ። በቀይ ሲጮህ ይሰማሉ።

ጋሼ፦ ደህናውን ለምን ታጠፋዋለህ? የሚሠራው ያ ብቻ አይደል?

ሊቁ፦ ለማሳየት! ፕሮግራሙ ከሌለ ሙከራው ይወድቃል። ፕሮግራሙ ካለ ያልፋል። እውነት እንዲህ ነው የሚለየው። ይኸው… ጠፋ። ይኸው… ሙከራውን ጀመርኩ። አሁን ያዳምጡ።

[ውጭ መኪና ያልፋል።]

ጋሼ፦ ጮኸ?

ሊቁ፦ ቆይ… ቆዩ።

ጋሼ፦ ለኔ አልተሰማኝም።

ሊቁ፦ በድምፅ አይደለም የሚጮኸው። አንዴ ይታገሱኝ።

ጋሼ፦ ፊትህ ምነው?

ሊቁ፦ አለፈ።

ጋሼ፦ ማን?

ሊቁ፦ ፕሮግራሙ።

ጋሼ፦ የትኛው? የጠፋው?

ሊቁ፦ የጠፋው።

ጋሼ፦ ደህና ውጤት አመጣ?

ሊቁ፦ አንድም አልሳተም።

ጋሼ፦ ጎበዝ ነው። እህቴ እንዲህ ያለ ተማሪ የላትም። ሳይመጣ የሚያልፍ።

ሊቁ፦ [ፎልደር ከፍቶ ይዘጋል] ሊሆን አይችልም። የለም እኮ! አጥፍቼዋለሁ። የለም… የለም… አለ።

ጋሼ፦ የለም ወይስ አለ?

ሊቁ፦ ሌላ አለ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ለመልመድ ያወረድኩት። ገና ጥቅል የሚባል ነገር ሳልጀምር በእጄ የገለበጥኩት አሮጌ ቅጂ። የግል ፎልደሬ ውስጥ ተኝቷል።

ጋሼ፦ ቢተኛ ምን አለበት?

ሊቁ፦ ሙከራው የሚሄደው እሱ ጋ ነው! በየቀኑ አዲስ እጠቀልላለሁ፣ በየቀኑ እፈትናለሁ፣ የሚፈተነው ግን እሱ ነው። የኔ ጥቅል አንድ ቀን እንኳ ፈተና ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ጋሼ፦ ስክሪፕት አንባቢውስ?

ሊቁ፦ አሮጌው ውስጥ አለ። ለዚህ ነው እኔ ጋ የሚስለው። ጥቅሉ ውስጥ ደግሞ… [ይከፍታል] ደግሞ…

ጋሼ፦ ደግሞ ምን?

ሊቁ፦ አላሰርኩትም። ረስቼዋለሁ።

ጋሼ፦ «ስክሪፕት አንባቢው ክፍል አልተገኘም።»

ሊቁ፦ አዎ።

ጋሼ፦ በቀይ።

ሊቁ፦ አዎ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ከሥሩም…

ሊቁ፦ ተሰምሮበታል! ገብቶኛል! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? እኔን ነው። የሰው ኮምፒውተር አሮጌ ነው አልኩ፣ የሰው ጣት ከባድ ነው አልኩ፣ ጠረጴዛውን ሳይቀር ሰደብኩ። ቆይ፣ እስከ ዛሬ በየቀኑ ስፈትን የከረምኩት ማንን ነው?

ጋሼ፦ ራስህን ነዋ። እንኳን ደስ አለህ፣ አልፈሃል።

[ሊቁ አሮጌውን ቅጂ ያጠፋል። የተረሳውን ክፍል ያስገባል፤ እንደገና ይጠቀልላል። ጣቱ ሁለቴ ይስታል። ሳሎኑ ደብዝዟል፤ መብራት ማብራት የታወሰው የለም።]

ሊቁ፦ ላክሁ። የበፊቱን አጥፍተው ይሄንን ይጫኑ።

ጋሼ፦ ይጭናል… ይጭናል… ጫነ። ስክሪፕቱን ላስኪድ?

ሊቁ፦ ያስኪዱ።

ጋሼ፦ ነጭ ነው።

ሊቁ፦ አይበሉኝ።

ጋሼ፦ ነጭ ነው… ቆይ። ባትሪ መጣ። አምፖል መጣ። ሽቦው እየሄደ ነው። እየሄደ ነው… ገጠመ።

ሊቁ፦ [ኪቦርዱን እንዳይነካ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ የጋሼን ስክሪን ያያል] ሠርቷል! ይጻፉ፣ ጋሼ! ዝርዝሩ ሊዘጋ ነው! አንድ ቃል ብቻ!

[ጋሼ በአንድ ጣት መጻፍ ይጀምራል። ይጽፋል። ይጽፋል።]

ሊቁ፦ «ሠርቷል» ይሄን ያህል ረጅም አይደለም።

ጋሼ፦ አታዋክበኝ። ሰሌዳው «ምን አዩ?» ብሎ ጠይቆኛል። ሰው ሲጠይቅህ ትመልሳለህ።

ሊቁ፦ ምን ብለው ነው የሚመልሱት?

ጋሼ፦ ያየሁትን። «መጀመሪያ አልሠራም። ጠቅላዩ ይሠራል አለኝ። አልሠራም አልኩት። መነጽርዎን ያድርጉ አለኝ…»

ሊቁ፦ ጋሼ! ያን ሰሌዳ እኮ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ያነበዋል!

ጋሼ፦ «…ቀጥሎ ጠረጴዛውን ከሰሰ። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ካጠፋው በኋላ ፈተነው፤ አለፈ…»

ሊቁ፦ ያጥፉት! እግርዎ ላይ እወድቃለሁ!

ጋሼ፦ ላጥፋው? እንደገና ስጽፍ ይመሻል።

[ሊቁ መስኮቱን ያያል። ጋሼን ያያል። ሚስቱ ተማሪዎቿ ፊት ጠመኔ ይዛ ቆማ ትታየዋለች።]

ሊቁ፦ ይላኩት።

ጋሼ፦ ከነጠረጴዛው?

ሊቁ፦ ከነጠረጴዛው። ግን መጨረሻው ላይ «ሠርቷል» ይበሉ።

ጋሼ፦ ብያለሁ። «አሁን ሠርቷል፤ አምፖሉ ግን አይበራም» ብያለሁ።

[ጥቅሉ ዝርዝሩ ሳይዘጋ ገባ። ትምህርቱ በሚቀጥለው ሳምንት ተጀመረ። ስክሪፕቱ በተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ሠራ። ሁለቱም ቅጂ በጠፋበት በሊቁ ኮምፒውተር ላይ ግን እስካሁን አልሠራም።]