ያለ ታቦት የዋለ በዓል

ሦስት ሴቶች ተሰብስበው ሥራ በያዙበት ሁሉ አንዲት እትዬ ወሰኔ አይጠፉም። የድግስ ጓዳ ውስጥ አሉ፣ ወንፈል ላይ አሉ፤ ሽንኩርት የሚልጡትን ሳይቀር ሊቀመንበር ያስመርጣሉ።

የመንዝ ሞላሌዋ ክብርት ወይዘሮ ወሰኔ በልጅነታቸው አዲስ አበባ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በስድሳ ስድስት ሥራ ካቆሙት አንዷ ናቸው። «ፎቶው ላይ ወንዶቹ አሉ፤ ማሽኑን ያጠፋነው ግን እኛ ነን» ይላሉ። ይህን ለቅሶ ቤትም ይናገሩታል።

የበግ ጠጉር አስፈትሎ ባና፣ ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የሚያሠራው የአሁኑ አሠሪያቸው ምንይሉ ግን ታሪኩ አንድም ቀን ገብቶት አያውቅም። ማሽን የለውማ! ያለው አሥራ አንድ ሴትና አሥራ አንድ እንዝርት ነው።

ሰኞ ዕለት ከአሥራ አንዱ አንዷን፣ ጥሩሸዋን፣ ልጅ ለማጥባት በቀን አራቴ ትነሣለች ብሎ አሰናበታት። ማክሰኞ ጠዋት ሲመጣ አሥሩም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

መንዝ ውስጥ እንዲህ የሚዋለው በዓል ሲሆን ነው። ምንይሉ በጣቱ ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት። እስጢፋኖስ? ባለፈው ወር በእስጢፋኖስ ሲፈትሉ አልነበር እንዴ? አምና በበዓል አሠርቶ በማግስቱ በረዶ ገብሱን ሲያጭደው አገሩ ሁሉ ዘወር ብሎ ያየው እሱን ነበር። በዓል አላውቅም ማለት ደግሞ ነውር ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እመካከላቸው ቁጭ አለ።

አሁን ሴቶቹም ግራ ገባቸው። አሠሪው አብሮ የተቀመጠበት የሥራ ማቆም አድማ በእትዬ ወሰኔም ዘመን አልታየም።

እኩለ ቀን ላይ ምንይሉ ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ አይፍረዱብኝና የማን በዓል ነው?» አለ።

«የጥሩሸዋ ነዋ! እስክትመለስ ይከበራል።»

ምንይሉ ክፉኛ ተቸገረ። ግማሽ ቀን ሲያከብር የዋለውን በዓል በምን አፉ ይሻረው? ተነሥቶ ጥሩሸዋ ቤት ሄደ። ሲመለስ እሷ ከፊት ናት፤ እሱ ሕፃኑን ታቅፎ ከኋላ ይከተላል። አሥሩም እንዝርታቸውን አነሡ።

ተረትቶ ይሁን ረትቶ እስከ ዛሬ አልለየለትም። ባለፈው ሳምንት ግን እትዬ ወሰኔ ብርድ መትቷቸው ቢቀሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሥራውን አስቁሞ ሴቶቹን በሙሉ አስከትሎ ሊጠይቃቸው ሄደ።