ሦስት ሺህ ሜትር ወርዶ ብሎን የፈታው ማነው?

[መሀል ባሕር ላይ የቆመች የምርምር መርከብ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ መስኮት። ጠረጴዛው ላይ ዓመቱን ሙሉ ከባሕሩ ሥር በገመድ ታስሮ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት የወጣ የውኃ ፍሰት መለኪያ ተቀምጦ ውኃ ያንጠባጥባል። ዶክተሩ የባሕር ተመራማሪ ነው። ሌላው መሣሪያዎችን ገመድ ላይ የሚያስር ሠራተኛ ነው፤ የመርከቧ ሰዎች «ቋጠሮ» ይሉታል።]

ዶክተሩ፦ ገልብጠህ ነው ያሰርከው!

ቋጠሮ፦ ኧረ ዶክተር፣ አልገለበጥኩም።

ዶክተሩ፦ እሺ፣ መሣሪያው ላይ ያለው ይሄ ቀስት ወዴት ነው የሚያመለክተው?

ቋጠሮ፦ ወደ በሩ።

ዶክተሩ፦ አሁን አላልኩህም! ባሕር ውስጥ!

ቋጠሮ፦ ባሕር ውስጥማ በር የለም።

ዶክተሩ፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ስማኝ። እታች ጥልቁ ውስጥ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። ያንተ መሣሪያ ግን ስድስት ወር ሙሉ «ውኃው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል» ሲል ቆይቶ፣ ከዚያ «ወደ ምዕራብ» ማለት ጀመረ። ይሄ ምን ማለት ነው?

ቋጠሮ፦ ሐሳቡን ቀየረ።

ዶክተሩ፦ ብረት ሐሳብ የለውም! ዞረ ማለት ነው። ለምን ዞረ? ገመዱ ላይ የሚይዘውን ብሎን ስላላጠበቅከው!

ቋጠሮ፦ ዛሬ ጠዋት ለመፍታት እኮ እኔና መካኒኩ ተራ በተራ ነው የታገልነው። መካኒኩ እጁ ተልጦ በፋሻ ጠቅልሎ ተቀምጧል።

ዶክተሩ፦ እንግዲያው በስድስተኛው ወር ላልቶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ጠብቋል።

ቋጠሮ፦ በራሱ?

ዶክተሩ፦ ዓሣ ነክቶት ይሆናል።

ቋጠሮ፦ [ትንሽ አስቦ] መፍቻ የያዘ ዓሣ?

ዶክተሩ፦ አትቀልድ!

ቋጠሮ፦ አልቀለድኩም። ሦስት ሺህ ሜትር ወርዶ ብሎን የፈታውን እየፈለግን አይደል? እኔን ይተዉኝ፤ ዋና አልችልም።

ዶክተሩ፦ ዋና ሳትችል ነው መርከብ ላይ የተቀጠርከው?

ቋጠሮ፦ መርከቧ ትችል የለም እንዴ?

ዶክተሩ፦ [ወረቀት እየገፋለት] በል እዚህ ጋ ፈርም።

ቋጠሮ፦ ምንድን ነው?

ዶክተሩ፦ የስንብት ደብዳቤ። ወደብ ስንደርስ ትወርዳለህ።

ቋጠሮ፦ [ፊቱ ይለወጣል] ዶክተር፣ እባክዎን። አማቴ እኮ «ያ ሥራ ፈት» ማለቷን ትታ በስሜ መጥራት የጀመረችው ዘንድሮ ነው። ይሄን ይዤ ብገባ ስሜን እንደገና ትረሳዋለች።

ዶክተሩ፦ አዝናለሁ። እኔ ግን ሰው ያለ ማስረጃ አላባርርም። [ከመሳቢያ ወፍራም ዶሴ አውጥቶ] ይኸው! ካንተ በፊት የነበሩት ሦስቱም በዚሁ ጥፋት ነው የሄዱት። ያንተን ጨምሮ በየደብዳቤው ላይ መሣሪያው ያወጣው ግራፍ ተያይዟል።

ቋጠሮ፦ እነሱ እንዴት እንዳጠፉ ልይ? ቢያንስ በምን እንደምበልጣቸው ልወቅ።

[ግራፎቹን ከደብዳቤዎቹ ነጥሎ ሲያገላብጥ መርከቧ ዘንበል ትላለች። ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ይበተናሉ። ተንበርክኮ ይሰበስባቸዋል።]

ቋጠሮ፦ ይቅርታ ዶክተር፣ ደባለቅኳቸው። የኔ የትኛው ነው?

ዶክተሩ፦ አንተ ሰውዬ ምን ይሻልሃል! አምጣ። ያንተ... ይሄ ነው። አይ፣ ይሄኛው። ቆይ፣ ቆይ። ቀኑን የጻፍኩት ደብዳቤው ላይ ነበር... አዎ፣ በስድስተኛው ወር የዞረው ያንተ ነው።

ቋጠሮ፦ አራቱም በስድስተኛው ወር ነው የዞሩት።

ዶክተሩ፦ አይሆንም!

[ቋጠሮ አራቱን ስስ ወረቀቶች ደራርቦ የመስኮቱ መስታወት ላይ ይይዛቸዋል። ብርሃን ከኋላ ሲመታቸው አራቱ መስመሮች እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ።]

ቋጠሮ፦ ያ ዓሣ ግን ቀጠሮ አክባሪ ነው።

[ዶክተሩ በእጁ ወንበር ዳብሶ ይቀመጣል።]

ዶክተሩ፦ መሣሪያው አልዞረም። የዞረው ውኃው ነው።

ቋጠሮ፦ በየዓመቱ።

ዶክተሩ፦ ግን እንዴት ተደርጎ? ላይ ነፋሱ በየወቅቱ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ። ሦስት ሺህ ሜትር ታች ምን ነፋስ አለ?

ቋጠሮ፦ እሱን እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው ገመድ ነው። ረጅም ገመድ አንዱን ጫፍ ይዤ ሳወዛውዘው ሌላው ጫፍ ወዲያው አይነቃነቅም። ውዝዋዜው ቀስ እያለ ሄዶ፣ እኔ ከረሳሁት በኋላ ነው እዚያ የሚደርሰው።

ዶክተሩ፦ [ብድግ ብሎ] ሞገድ! ነፋሱ ላይ ሲለወጥ ሞገድ ይነሳል፤ ሞገዱ ወደ ጎን እየተጓዘ ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ይወርዳል፤ ወራት ፈጅቶ ጥልቁ ሲደርስ ውኃውን ያዞረዋል! አራት ዓመት ሙሉ ተመዝግቧል እኮ! ይሄ ትልቅ ግኝት ነው!

ቋጠሮ፦ የት ነበር ያስቀመጡት?

ዶክተሩ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] «የሠራተኞች ጥፋት» የሚል ዶሴ ውስጥ።

ቋጠሮ፦ አይ እንግዲህ፣ አልጠፋም።

ዶክተሩ፦ ጉባኤ ላይ «እንዴት ደረስክበት?» ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው?

ቋጠሮ፦ «ሰው በማባረር» ይበሏቸው።

ዶክተሩ፦ [ደብዳቤውን ቀዶ ይጥላል] ለሦስቱም ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሥራቸው እመልሳቸዋለሁ። አንተም የትም አትሄድም፤ ለአማትህ ሰላም በልልኝ። አሁን መሣሪያውን ለከርሞ መልሰን እናውርደው። በል ብሎኑን አጥብቅ!

ቋጠሮ፦ [መፍቻውን በሁለት እጁ እያቀረበለት] ዘንድሮ እርስዎ ያጥብቁት።

ዶክተሩ፦ እኔ? ለምን?

ቋጠሮ፦ በስድስተኛው ወር ሲዞር ማንን እንደሚያባርሩ ልይ ብዬ ነው።