የሄልሜት አናት የሚያነቡት ሚስተር ስታን

ሚስተር ስታንሊ ቮይቺክ ሄልሜቱን በጉልበቶቻቸው መሃል ያጣብቃሉ። የአገጭ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርገው ይፈትሻሉ፤ የውስጡን ስፖንጅ በአውራ ጣት ይጫናሉ፤ የፊቱን ፍርግርግ ብሎኖች አንድ በአንድ ያጠብቃሉ። በመጨረሻ አመልካች ጣታቸውን አናቱ ላይ ቀስ አድርገው ያስኬዳሉ። አርባ ዓመት መኪና ቀለም የቀባ ጣት አይሸወድም።

«አረንጓዴ ቀለም፤ የባለፈው ቅዳሜ ተጋጣሚዎቻችን» አሉ። «አቀርቅረህ ነው የገባኸው።»

«ትንሽ ብቻ ነው፣ ሚስተር ስታን» አለ ኮዲ ማርሄፍካ፣ የትምህርት ቤታችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ምርጥ ተከላካይ።

«አንገትም የሚሰበረው ትንሽ ነው።»

ደስታ የሚያበላሽ ሰው ያልተመደበለት ከተማ የለም። ለእኛ ለሚልፎርኮች የደረሱን ክቡር የሄልሜት ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። እኛ ዘንድ ሄልሜት አናት ላይ የቀረ የባላጋራ ቀለም ሜዳሊያ ነው። ልጆቹ አይጠርጉትም፤ አባቶች ፎቶ ያነሱታል፤ ፀጉር አስተካካዩ ብዙ ቀለም ላለበት በነጻ ይቆርጣል። ሚስተር ስታን ግን «የዊልቸር ማመልከቻ» ይሉታል። በሄልሜት አናት መምታት ቡድኑን አሥራ አምስት ያርድ ሜዳ እንደሚያስቀጣ ያልነገሩት ሰው የለም። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከወንበሩ አስነስተው ቀና ብሎ መግባትን አለማምደውታል። «ያላየኸውን አትምታ» ነው ነገራቸው ሁሉ።

ለፍጻሜው ሁለት ቀን ሲቀር የኮዲን ሄልሜት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። የልምምዱን ጆንያ ቀና ብሎ ሃምሳ ጊዜ ካልመታ አይሰጡትም። አባቱ ሬይ የሥጋ ቤት ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ከተፍ አለ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ልጄን ባሌሪና ልታደርገው ነው?»

«በእግሩ የሚሄድ አያት ላደርገው ነው፣ ሬይ።»

ኮዲ ሃምሳውን መታ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ዘጠኝ ሴኮንድ ቀርቷል፤ በአራት ነጥብ እንመራለን። ግራንትስበርጎች ከግብ መስመራችን ሦስት ያርድ ላይ ናቸው፤ ኳሱን ይዘው ካለፉት ስድስት ነጥብ ነው፤ የቀራቸው አንድ ሙከራ ብቻ። ኮዲ በአናቱ መትቶ ካጠፋ ኳሱ አፍንጫችን ሥር ይቀመጥና ሌላ ሙከራ ያገኛሉ። ሯጫቸው በሬ የሚያህል ልጅ ነው። ሬይ ከጎኔ «ግጨው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጮኼያለሁ።

ኮዲ ጉልበቱን አጠፈ፤ ራሱን ግን አላጎነበሰም። ልጁን ዓይን ለዓይን እያየ በትከሻው ደረቱ ላይ ገባ፣ ወገቡን አቀፈው፣ አንስቶ ወደ ኋላ አስተኛው። ከመስመሩ አንድ ክንድ ሲቀረው። ሦስት ሺህ ሰው ዳኛው ወገብ ላይ ባለው፣ ጥፋት ሲያይ በሚወረውረው ቢጫ ጨርቅ ላይ አፈጠጠ። ጨርቁ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የወንዙ ማዶ ሰዎችም ሰምተውታል።

ሬይ ሽማግሌውን ፈልጎ ትከሻው ላይ ሰቀላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ነዝናዛ» ስላቸው የኖርኩት ሰውዬ የግራ እግራቸውን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ደግሞ ከባድ ናቸው። ለምጽፍበት ጋዜጣ አንድ ነገር ይበሉ ብዬ ከታች ጠየቅኋቸው።

«ልጅ የሚሮጠው ጭብጨባ ወዳለበት ነው» አሉ፣ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። «አንባቢዎችህን ለምንልኝ። አቀርቅሮ ሲመታ ያያችሁ ጊዜ፣ የእናንተ ቡድን ልጅ ቢሆንም እንኳ፣ እባካችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።»