ጭልፊቱ እንዳይድን ስለማሳሰብ

ታሪክ ብዙ ታላላቅ ሹመቶችን መዝግቧል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ በወልድያ በኩል መድፍ ሲያጓራ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ የሚገኝ አንድ ስሙ ባይነሳ የሚሻል መሥሪያ ቤት ግን ከሁሉም የላቀውን ፈጸመ፤ ክንፉ የተሰበረ ጭልፊትን «የዱር እንስሳት ትምህርት ክቡር አምባሳደር» አድርጎ ሾመ።

ክቡርነታቸው ከሹመታቸው በፊት ውርጌሳ አስፋልት ላይ የጭነት መኪና ገጭቷቸው ተጋድመው ነበር። ያነሷቸው ከመርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ከተማ ወጌሻ፣ ጋሽ አብዱልሐሊም ናቸው። ከዛፍ የወደቀው፣ በሬ የረገጠው፣ ባጃጅ የገለበጠው ሁሉ አርባ ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው እጅ ላይ ሲድን ኖሯል፤ ጀምረው የተዉት ስብራት የለም። «ቢስሚላህ» ብለው ክንፉን አቀኑ፣ በሸምበቆ ስንጥር ደገፉ፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉ። ዶሮ የምታረባው ሚስታቸው ሁሪያ ግን ነገሩ አልጣማትም።

«የስንቱን ጫጩት የጨረሰ ሌባ እኮ ነው!»

«ስብራት ስብራት ነው፣ ሁሪያ። ሲድን ከሰረቀሽ ያኔ በድንጋይ ትጠብቂዋለሽ።»

ወሬው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ካሳዬ ጆሮ ደረሰ። የሩብ ዓመቱ ዕቅዳቸው ላይ «ከጉዳት በተረፈ አዳኝ አሞራ አማካይነት ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ መፍጠር» የሚል ተጽፎ፣ የጎደለው አሞራው ብቻ ነበር። መኪና ላኩ። ጭልፊቱም አዳራሹ ውስጥ የሽቦ ቤት ተሠራለትና ተቆለፈበት።

«ዛሬ» አሉ አቶ ካሳዬ በሹመቱ ዕለት፣ «በሰው ልጅና በዱር አራዊት መካከል ዘላቂ ሰላም የምናሰፍንበት ታሪካዊ ቀን ነው!» በዚህ መሀል ከወልድያ በኩል ከባድ ድምፅ መጣ፤ የአዳራሹ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ።

«ስለ ጭብጨባችሁ አመሰግናለሁ» አሉ ኃላፊው።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ አብዱልሐሊም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማሰሪያውን ሊፈቱ ሄዱ።

«አጥንቱ ገጥሟል። አሁን ካልተፈታና ካልታሸ ግን ክንፉ እንደታጠፈ ይደርቃል። ከተፈታ ኢንሻአላህ ይበራል።»

አቶ ካሳዬ ደነገጡ። «ይበራል? ወዴት?»

«ወደ ሰማይ ነዋ፣ ልጄ።»

«ጋሽ አብዱልሐሊም፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይረዱኛል። የሚበር ጭልፊት በየሜዳው ሞልቷል፤ ማን ዞሮ ያየዋል? ለትምህርት የሚመቸው ተጎጂው ነው። ይህ ከዳነ ዕቅዳችን ወደቀ ማለት ነው።»

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ አዳንነው እያላችሁ ስብሰባ የጠራችሁ?»

«አድነነዋል። ግን በመጠኑ።»

በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ግራና ደረሰ። «ጉዳዩ፦ ጭልፊቱ እንዳይድን ስለማሳሰብ። ክቡር አምባሳደሩ በሥራ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ሩብ ዓመቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ከማንኛውም የማዳን እንቅስቃሴ እንዲቆጠቡ በጥብቅ እናሳስባለን።» ጋሽ አብዱልሐሊም ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ከፋቸው፤ በእጃቸው የጠገኑት ክንፍ በሰው ትእዛዝ ሽባ ሊሆን ነው። እህል አልበላ አላቸው። ሁሪያ እንኳ አዘነች።

«ይሄስ ለሌባም አይገባውም» አለች።

ሳምንት ሳይሞላ የወልድያ መንገድ በተፈናቃይ ተሞላ። መሥሪያ ቤቱም አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ማኅተሙን፣ ፕሪንተሩንና የኃላፊውን የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር መኪና ላይ ጭኖ ወደ ደሴ ለመሄድ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

«ጭልፊቱስ?» አለ ሾፌሩ።

«አምባሳደር የተመደበበትን ቦታ አይለቅም» አሉ አቶ ካሳዬ፤ የሽቦ ቤቱን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው፣ ጋቢና ገቡ።

ሰው ሁሉ ከመርሳ ሲወጣ ጋሽ አብዱልሐሊም በእግራቸው ወደ መርሳ ገቡ። የሽቦ ቤቱን ጓጉንቸር በድንጋይ ሰበሩት። ማሰሪያውን ፈተው ክንፉን አሹት፤ ሳብ ሲያደርጉት ጠንክሮ ነበርና ልባቸው ፈራ። ደግመው አሹት። ከዚያ ግቢው አጥር ላይ አስቀመጡት። ጭልፊቱ አንዴ ዘለለና ወደቀ። ሁለተኛ አነሱት፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታክኮ አለፈ፣ ከፍ አለ፣ ሄደ። ሽማግሌው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው በደስታ አለቀሱ።

ጦርነቱ ከከተማው ሲርቅ፣ ታኅሣሥ ላይ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። መስኮቱ ረግፏል፣ በሩ ለማገዶ ሆኗል። አቶ ካሳዬ የጉዳት መመዝገቢያ ቅጹን ይዘው ባዶው የሽቦ ቤት ፊት ቆሙና ጋሽ አብዱልሐሊምን በዓይን ምስክርነት አስጠሩ።

«አምባሳደሩ ምን ደረሰበት?»

«ዳነ።»

«በከፊል ነው?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ኧረ ሙሉ በሙሉ!»

አቶ ካሳዬ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከወደሙት ንብረቶች ሥርም ጻፉ፦ «አንድ አምባሳደር፣ ሙሉ በሙሉ ድኗል። በምትኩ አንድ የተሰበረ እንዲላክልን እንጠይቃለን።»