ቧንቧ ሠራተኛው አጎቴና መድኃኒት የሚገፋው ሴል

በየቤተሰቡ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው ክቡር አጎቴ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ቧንቧ የጠገኑ ሊቀ ጠበብት። ሠርግ ተጠርተው፣ ሙሽሮቹን ትተው የአዳራሹን ማጠቢያ ሲመረምሩ ያመሹ ሰው ናቸው።

ካንሰር ያዛቸውና መድኃኒት በክንዳቸው መውሰድ ጀመሩ። መጀመሪያ ዕጢው ሟሸሸ፤ እሰይ አልን። በአምስተኛው ወር ግን ተመልሶ አደገ። ያኔ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ሰውነትህ መድኃኒቱን ለምዶት ነው፤ ብላ ስንልህ እንቢ እያልክ!» አሉ ታላቅ እህታቸው። እኔ ደግሞ አንድ ቀጠሮ በእኔ መዘግየት ስላለፋቸው፣ ገደልኳቸው እያልኩ ለብቻዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ክብ እየሳለች አስረዳችን። ከካንሰሩ ሴሎች መካከል መድኃኒቱ ገና ሲገባ መልሰው ወደ ውጭ የሚገፉት አሉ። ደካሞቹ ሲሞቱ እነዚያ ተረፉ፤ ተባዙም።

አጎቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እንዲህ በይኛ ልጄ! ፓምፕ አለው ማለት ነው!»

«በትክክል!» አለች ዶክተሯ እየሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል ግራ ቀኙን ሕመምተኛ ሲያስተምሩ ይውላሉ። «የለመድኩት እኔ አይደለሁም፤ የለመደው እሱ፣ ዕጢው ነው!» ነርሷ ክንዳቸውን እንዳያንቀሳቅሱ ትለምናለች፤ እሳቸው መርፌው በተሰካበት ክንድ አየር ላይ ፓምፕ ይስላሉ።

አሁን ሌላ መድኃኒት ጀምረዋል። ይሥራ አይሥራ ገና አልታወቀም። ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት እናት ታለቅሳለች፤ የእሷም መድኃኒት መሥራት አቁሟል።

«ምን አጥፍቼ ይሆን?» አለች።

አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝግ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ምንም አላጠፋሽም ልጄ። ከብዙ ሺህ ሴል መካከል አንዱ ተንኮለኛ ነበር፤ እሱ ተረፈ። በዚህ ቢያመልጠን በሌላ በኩል እንገባበታለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አንተም ስማ። በአንድ ቀጠሮ ማለፍ የመጣ ነገር አይደለም።»

ለካ አውቀውብኝ ኖሯል።

ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እኚህ ሰው የምን ሐኪም ናቸው?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው» አልኳት፤ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «አጎቴ ናቸው!»