ጌጅ ወዳዱ ጋሽ ወልዴ

እናንተዬ፣ የጌጅ ፍቅር የያዘው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ለጂንካ መብራት የሚሰጠውን ሞተር የሚጠብቀው ጋሽ ወልዴ እንዲያ ነበር። ሞተሩ ላይ ስንት መብራት እንደሚሳብ በቀስት የሚያሳይ ጌጅ ከተገጠመ ወዲህ ከሚስቱ ይልቅ እሱን ያያል እያልን እናማው ነበር። ቀስቱ ሽቅብ ካለ አንዱ ቤት ካውያ ተሰክቷል ማለት ነው፤ ቤቱን አስሶ መብራቱን በፒንሳ ይቆርጣል። ምን ያድርግ? ሞተሩ ካውያ አይችልም!

አንድ ምሽት ቀስቱ ዘለለ። ፒንሳውን ይዞ በየበሩ ሲዞር እኛም ለወሬ ተከተልነው። ካውያው የተገኘው እሱው ቤት ነው።

«ነገ ቀበሌ ስለ መብራት ቁጠባ ትናገር የለ? በተጨማደደ ሸሚዝ ልትቆም ነው?» አለች ሚስቱ፣ ሸሚዙን እየተኮሰች።

ፒንሳውን ኪሱ ከተተና ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ባርኔጣውን አወለቀና ጌጁን ሸፈነው፤ እስክትጨርስ።